ለምንጣፍ ሲሆን «ልጆቻችን»፣ ለወንበር ሲሆን «ሕፃናት»

«ወጣቱ ጠፋ» የሚለው ለቅሶ ሰልችቶኛል። ከዐውደ ምሕረት እሰማዋለሁ። በሰበካ ጉባኤ ስብሰባ እሰማዋለሁ። ሐዘን ቤት ድንኳን ሥር፣ ጽዋ ማኅበር ላይ ጠላው ሲቀዳ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ከቅዳሴ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ እሰማዋለሁ። ቃሉ እንኳ አይለወጥም። ዘመኑ ከፋ። ስልኩ በላቸው። ቲክቶክ ወሰዳቸው። ፈሪሃ እግዚአብሔር ጠፋ። ከዚያ ከንፈር ይመጠጣል፤ ጸበል ጻዲቁ ይቀመሳል፤ ሁሉም ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤቱ።

ውሸት ነው። ልጁ አልጠፋም። የት እንዳለ እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

የጠፋባችሁ ካለ ጥር 10 ከሰዓት በኋላ አደባባይ ውጡ። አስፋልቱን ያጠበው ማን ነው? ቄጠማውን የጎዘጎዘው፣ ባንዲራውን ከምሰሶ ምሰሶ የወጠረው ማን ነው? ከታቦቱ ፊት ቀዩን ምንጣፍ ጠቅልሎ የሚሮጥ፣ ዘርግቶ የሚንበረከክ፣ ካህናቱ ሲያልፉ እንደገና ጠቅልሎ የሚሮጥ፣ ያ ላቡ በጀርባው የሚንቆረቆር ልጅ የማን ልጅ ነው? ምንጣፉን የገዛው ራሱ ነው። ገንዘቡን ከሰፈር ቤት ለቤት ዞሮ የለመነው ራሱ ነው። ካናቴራውን ያሳተመው ራሱ ነው። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀትን በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብልን ደረታችንን የነፋንበት ድምቀት በማን ጉልበት ነው የደመቀው?

ታቦቱ መንበሩ ሲገባ ግን ልጁ ደጅ ይቀራል። «የአካባቢው ወጣቶች ላደረጋችሁት ትብብር እግዚአብሔር ይስጥልን» ይባላል በድምፅ ማጉያ። አለቀ። የከርሞ ሰው ይበለን። ስምህ ማን ነው ያለው የለም። ሥራ አገኘህ ወይ ያለው የለም። የንስሐ አባት አለህ ወይ፣ ቆርበህ ታውቃለህ ወይ ያለው የለም። ከዓመት እስከ ዓመት ባለበት ይክረም፤ በሚቀጥለው ጥር ምንጣፉን ይዞ ይምጣ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ወጣቱን የምንፈልገው ለጉልበቱ ነው። ለምንጣፍ ሲሆን «ልጆቻችን»፤ ለወንበር ሲሆን «ሕፃናት»። ለጥበቃ ሲሆን «የቤተ ክርስቲያን ዘብ»፤ ለሒሳብ ሲሆን «አንተን ምን አገባህ»። እንዲህ አድርገን እንገፋውና ሲሄድ ደረት እንመታለን። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የተባለው ለእኛ ነው።

«ልምድ የላቸውም» ትላላችሁ። «አልበሰሉም» ትላላችሁ። መልካም። እንግዲያው አንድ ነገር ንገሩኝ። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይቆማሉ፤ ሁለት ቀሳውስት፣ ሦስት ዲያቆናት። ሦስቱ እነማን ናቸው? በአብዛኛው ደብር ገና ጺማቸውን ያላቀመቀሙ ልጆች ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱ! እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልለን ሳለ ሌሊት ተነሥተው፣ ጾመው፣ መቅደስ የሚገቡት እነሱ ናቸው። ክቡር ደሙን በዕርፈ መስቀል የሚያቀብለን ዲያቆኑ ነው። አፋችንን ከፍተን፣ ነጠላችንን አስተካክለን፣ ከእጁ እንቀበላለን። ታዲያ ደሙን እንዲያቀብለን ያመንነውን ልጅ ሙዳየ ምጽዋቱ ሲቆጠር አጠገባችን እንዲቀመጥ የማናምነው ለምንድን ነው? የትኛው ነው የሚከብደው? ደሙ ወይስ ሳንቲሙ?

መልሱን ጮክ ብሎ የሚናገር አላየሁም።

ለመሆኑ ይህች ቤተ ክርስቲያን በማን እጅ ነው የተተከለችው? በሽማግሌ ኮሚቴ? ከጢሮስ የመጡ ሁለት ወንድማማች ልጆች፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ፣ ከመርከባቸው ሰው ሁሉ አልቆ እነሱ ተርፈው አክሱም ቤተ መንግሥት ገቡ። ንጉሡ ሲሞት አልጋ ወራሹ ገና ሕፃን ነበር። ምርኮኛ ሆኖ የገባው ፍሬምናጦስ ሕፃኑን እያስተማረ አሳደገ፤ ሕፃኑ አድጎ መስቀልን በገንዘቡ ላይ የቀረጸ ንጉሥ ሆነ። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወጥቶ «ለዚያ አገር ጳጳስ ላኩ» ሲል ሐዋርያዊ አትናቴዎስ «ካንተ የተሻለ ማን አለ?» ብሎ ራሱን ቀብቶ ላከው። ዛሬ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እሱን ነው።

አትናቴዎስስ? እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ ሠለስቱ ምዕት ሲሰበሰቡ ከሊቀ ጳጳሱ ጋር የመጣ ዲያቆን ነበር። ዲያቆን! ሊቀ ጳጳሱ «አንተ ልጅ ነህ፤ ውጭ ቆይ፤ ሻንጣዬን ጠብቅ» አላለውም። ይዞት ገባ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ መንበሩን ተረከበ። አርዮስን ዕድሜ ልኩን የታገለው፣ በስሙ ቅዳሴ የምንቀድስለት አባት ይኸው ነው። ያ ዲያቆን ነገ ወደ አንዱ የአዲስ አበባ ደብር ቢመጣ ምን ይደርስበታል? እኔ ልንገራችሁ። ምንጣፍ ያሲዙታል።

ደግሞ «አትጠይቅ» የሚባል ነገር አለ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን አልመጣም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይመስክር። የቆሎ ተማሪው ኮቸሮውን ለምኖ፣ ቅማሉን ታግሦ፣ በየዕለቱ ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቀርባል። ይነቀፋል፤ ይመልሳል፤ ይሟገታል። መምህሩም በተማሪው ብልሃት ይደሰታል እንጂ አይቆጣም። መጽሐፍ ቤት ግቡ። አንድምታው ምንድን ነው? አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ» እያለ እስከ ሥሩ የሚመረምር ትምህርት ነው። አንድ ቁጥር ላይ አምስትና ስድስት መንገድ የሚከፍት ቤት የሃያ ዓመት ልጅ አንድ ጥያቄ ሲያነሣ «መናፍቅ ሆንክ?» ይለዋል? የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ አይደለም?

ልጁ የሚጠይቀው ከባድ ነው። አዎ። ሥነ ፍጥረትን ከትምህርት ቤት ባዮሎጂ ጋር እንዴት ላስታርቀው ይላል። እግዚአብሔር መልካም ከሆነ በጦርነቱ ያለቁት ጓደኞቼስ ይላል። ታቦት ተሸክሞ የሚባርክ አባት በብሔር ተቧድኖ ለምን ይጣላል ይላል። ሴቷ ደግሞ በወር አበባዬ ወቅት ቤተ ክርስቲያን የማልገባው ለምን እንደሆነ አስረዱኝ ትላለች። እነዚህ ጥያቄዎች መልስ አላቸው፤ ቢያንስ የረጅም ጊዜ ውይይት አላቸው። የሚያውቁ ሊቃውንትም አሉን። እኛ ግን ሊቁን አንድ ጥግ አስቀምጠን ማይኩን ለጯኺው እንሰጣለን። ጯኺው ደግሞ ሌላውን እምነት ይሰድባል፣ ሕዝቡ «እልል» ይላል፣ ልጁ ጥያቄውን በኪሱ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ጥያቄውን ማን ይመልስለታል? ስልኩ! እኛው ወደ ስልኩ ገፍትረነው ስናበቃ «ስልኩ በላው» እንላለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ስለ ስልክ ካነሣን አይቀር፣ ወጣቱን ከቲክቶክ ራቅ የሚለው ሰባኪ ስብከቱን የሚያሰራጨው በምንድን ነው? በርግብ እግር አስሮ ነው? ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሉን ተጫኑ፣ ለሌላው አጋሩ እያለ አይደለም?

አሁን ወደሚያመው ልሂድ። ገንዘብ።

አንድ ጊዜ በአንድ ደብር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። የግንባታ ሪፖርት ቀረበ። ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ይቀረናል፣ እጃችሁን ዘርጉ። አንድ ወጣት ተነሣ። ሙያው ሒሳብ ነው፤ ቀን በደመወዝ የሰው መዝገብ ይመረምራል፤ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምራል። በትሕትና፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «የውጭ ኦዲተር ያየው ነው ወይ? ካልሆነ እኔና ጓደኞቼ በነጻ እንሠራላችኋለን» አለ። አዳራሹ ዝም አለ። ከመድረኩ አንድ የተከበሩ ሰው «አንተ መዝሙርህን ዘምር» አሉት። የሳቁም ነበሩ። ልጁ ተቀመጠ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። እስካሁን አልመጣም። የዚያ ደብር ሰዎች ዛሬ ምን እንደሚሉ ገምቱ። «ወጣቱ ጠፋ።»

ልጁ የጠየቀው ኑፋቄ ነው? ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ ራሳቸው ስለ ሙስናና ስለ ብልሹ አሠራር በአደባባይ ደጋግመው ተናግረዋል። ፓትርያርኩ ሲናገሩት ቃለ ምዕዳን ነው፤ ልጁ ሲናገረው «ተሐድሶ» ነው? ይህች «ተሐድሶ» የምትባል ማኅተም በስንቱ ንጹሕ ልጅ ግንባር ላይ ነው ያረፈችው! እውነተኛ የትምህርት ስሕተት ያለበት ሰው ይመከር፣ ይታረም፣ እምቢ ካለ በሥርዓቱ ይለይ። ደረሰኝ የጠየቀን ልጅ ግን በሃይማኖት መክሰስ ምንድን ነው? በእግዚአብሔር ስም የሌባ ዘበኛ መሆን ነው። ሌላ ስም የለውም።

በሩ ላይ ያለውን ደግሞ እዩ። አንዲት ልጅ ሱሪ ለብሳ ትመጣለች። ከሥራ ነው የመጣችው። ወይም ከሌሊት ጭንቀት። ወይም ከስንት ዓመት በኋላ ዛሬ ገና እግሯ መርቷት። በሩ ላይ የቆመው ሰው ምን ይላታል? «እንኳን ደህና መጣሽ፤ እቺን ነጠላ ልበሺ» ቢላት ሥርዓቱ ተጠበቀ፣ ልጅቷም ገባች። እሱ ግን ሰው እየሰማ ያሸማቅቃታል። ዞራ ትሄዳለች። እዚያው በር ላይ፣ ከእሷ ፊት ቀድሞ፣ የድሃ መሬት የቀማ ባለሀብት በመኪናው ገብቷል፤ የፊት ወንበር ተጠርጎለታል፤ ስሙ በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ ተጨብጭቦለታል። ሱሪዋ ያስደነገጠን ሰዎች ጉቦው ለምን አላስደነገጠንም? ልጆቻችን ይህን አያዩም መሰላችሁ? ያያሉ። ሁሉንም ያያሉ። ከሃይማኖት የሚያርቃቸው ያነበቡት ነገር ሳይሆን ያዩት ነገር ነው።

ጭንቅ ሲመጣስ? ጭንቅ ሲመጣ ወጣቱ በአንድ ጀንበር አዋቂ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ከሲኖዶሱ ዕውቅና ውጪ ሢመተ ጵጵስና ተፈጽሞ ቤተ ክርስቲያን ልትሰነጠቅ ስትደርስ፣ በጾመ ነነዌ ጥቁር ልበሱ ሲባል፣ ማን ለበሰ? ከሥራው ሊባረር እንደሚችል እያወቀ ጥቁር ለብሶ ቢሮ የገባው ማን ነው? ደወል ሲደወል ሌሊት ወጥቶ አጥር ላይ ያደረው ማን ነው? ሻሸመኔ ላይ ደሙ የፈሰሰው የማን ነው? ያን ጊዜ «ሕፃን ነው፣ አልበሰለም» ያለ አልሰማሁም። ለመሞት የበሰለ ልጅ ድምፅ ለመስጠት አልበሰለም? ይህን ዐረፍተ ነገር ሳታፍሩ የምትጨርሱት ከሆነ ጨርሱት።

አሁን «ሌላው ቤት ወሰደብን» የሚለውን እንይ። ቁጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማውራት ነው የማንወደው። በ1987ቱ ሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክሱ ከአገሪቱ ሕዝብ 50.6 በመቶ ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ 43.5 በመቶ ሆነ። ፕሮቴስታንቱ በዚያው ጊዜ ከ10.2 ወደ 18.6 በመቶ ወጣ። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ ልዩነቱም ሁሉ ከእኛ ቤት የወጣ ሰው ነው አልልም። ግን በ1999 ከአገሪቱ ሕዝብ 45 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ያን ጊዜ ማን አቀፈው? ማን ስሙን ጠራው? «በገንዘብ አታለሉብን» የሚለው ምክንያት የሰነፍ ምክንያት ነው። የጴንጤቆስጤው እንቅስቃሴ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲፈላ ያንቀሳቀሱት ተማሪዎች ነበሩ፤ ሙሉ ወንጌልን ያቋቋሙት ወጣቶች ነበሩ። ኃላፊነት ተሰጥቷቸው አይደለም፤ ራሳቸው ወሰዱት። እናቱ የሞተችበትን ጓደኛቸውን ቤቱ ሄደው አጽናኑት። የታመመውን ጠየቁት። የኛ ልጅ የንስሐ አባት በዚያ ጊዜ የት ነበሩ? ልጁን በስሙ ያውቁት ነበር? ዛሬስ ያውቁታል? ወይስ ጸበል ረጭተው፣ ፖስታውን ተቀብለው፣ «አደገ አይደል!» ብለው ይወጣሉ? ያ ቤትም ዛሬ የራሱ ጣጣ አለበት። ቸርቹን እንደ ሱቅ በስሙ ያስመዘገበ፣ ትንቢት የሚቸረችር ሞልቷል፤ እዚያም ወጣቱ ጥሎ እየወጣ ነው። የጎረቤት ጣጣ ግን የእኛን አይሰውረውም።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ዘመኑ ነው» የሚለኝን ሰው ዝዋይ ልውሰደው። ጊዜው ደርግ ነው። ሃይማኖት የአድኃሪ ነገር ነው። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ተገድለዋል። ዩኒቨርሲቲው የሌኒን ነው። በዚያ ዘመን ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ተቀምጠው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በክረምት ይሰበስባሉ። ያስተምራሉ። ጥያቄያቸውን ይሰማሉ። ያበሏቸዋል። ዩቲዩብ አልነበራቸውም። የአየር ሰዓት አልነበራቸውም። መንግሥት ወዳጃቸው አልነበረም። አንድ ነገር ነበራቸው፤ ልጁን እንደ ሰው ማየት። በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አረፉ። በ1984 ዓ.ም. ከዚያው ዘር ማኅበረ ቅዱሳን በቀለ። ማኅበሩን ውደዱት አትውደዱት፣ አንድ አባት በጥቂት ክረምት የዘሩት ነገር ምን ያህል እንደበዛ መካድ አትችሉም። ዘመኑ ነው ትሉኛላችሁ? የትኛው ዘመን ነው ከደርግ የከፋው?

የእኅታችን የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ይኸው ነው። ሐቢብ ጊርጊስ የሚባል ዲያቆን ልጆች ሃይማኖታቸውን አላወቁም ብሎ አላለቀሰም፤ የሰንበት ትምህርት ቤት እንቅስቃሴ ጀመረ። በዚያ እንቅስቃሴ ውስጥ ያደገ አንድ ወጣት ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት መጽሔት ያዘጋጅ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳደር ሳይፈራ ይተች ነበር። እኛ ዘንድ ቢሆን ስሙ ታውቋል። እነሱ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ፓትርያርክ ሆነ፤ አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ። ተቺውን ልጅ አላባረሩትም። መንበሩ ላይ አስቀመጡት።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ይህ ነገር የአገር ቤት ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት። የእናንተ ይብሳል። በ1984 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ሐምሌ 2010 ዋሽንግተን ላይ የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶሶች ታረቁ ሲባል 26 ዓመቱ ነበር። ልጅነቱን በሙሉ «እነዚያ ስደተኛ ናቸው፣ እነዚያ ገለልተኛ ናቸው፣ እነዚያ ዘንድ እንዳትሄድ» እየተባለ አደገ። ወላጆቹ በአንድ ሕንፃ ቁልፍ ሲካሰሱ አየ። አባቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የሚነጫነጨው፣ ሲመለስ የሚሳደበው ለምን እንደሆነ ሳይገባው አደገ። ይህ ልጅ ለምን ቀረ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? እኔ የሚገርመኝ የቀሩት ሳይሆኑ አሁንም የሚመጡት ናቸው።

ቋንቋውስ? ግእዙ ይቅር አላልኩም። ያሬዳዊ ዜማው አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ቃሉ ባይገባው እንኳ ልጁ ያለቅስበታል። ስብከት ግን ምን አለው? አማርኛው «እሺ» እና «ደኅና ነኝ» ላይ የሚያልቅበትን የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ በአማርኛ፣ ያውም ግማሹን ስለ አገር ቤት ፖለቲካ፣ መስበክ ለማን ነው? ለእኛ ናፍቆት ነው እንጂ ለእሱ ነፍስ አይደለም። ዘጠኙ ቅዱሳን ከባሕር ማዶ ሲመጡ «ቋንቋችንን እስክትማሩ ወንጌል የለም» አላሉንም። የእኛን ቋንቋ ተምረው በእኛ ቋንቋ አስተማሩን። እኛ ግን ለገዛ ልጆቻችን ይህን ነፈግናቸው፤ «የእናቱን ቋንቋ ያላወቀ የራሱ ጉዳይ» አልናቸው።

ሌላኛው ወገንም አያምልጠኝ። መፍትሔው ማቅለል ነው የሚሉ አሉ። ቅዳሴው ይጠር፣ ጾሙ ይቅለል፣ ቡናና ኬክ ይኑር፣ መብራቱ ይብለጭለጭ፣ ወጣቱ እንዲዝናና። ይህም ንቀት ነው። ወጣቱን እንደ ሕፃን በከረሜላ መደለል ነው። መዝናናት የፈለገ ልጅ ከእኛ የተሻለ የሚያዝናናው ሺህ ቦታ አለው። ስቅለት ዕለት ማንኛውም ደብር ግቢ ግቡ። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የሚሰግደው፣ ላቡ መሬቱን ያራሰው ማን ነው? ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾመው የግቢ ተማሪ ማን አስገድዶት ነው? ከባድ ነገር አላባረረውም። ከባዱን ሸክም ይፈልጋል፤ የማይፈልገው ማላገጫ መሆንን ነው። ስገድ ስንለው ሰገደ። ጹም ስንለው ጾመ። ቁም ስንለው ቆመ። «እኔስ ከናንተ ጋር ልወስን?» ሲል ነው ጆሯችን የደነቆረው።

ደግሞ ሕግ የለም እንዳትሉ። ሕጉ አለ። ሰበካ ጉባኤን ያደራጀው ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ወጣ። በሥራ ላይ ያለው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዲዋቀር ይላል። ይላል! እኔ የፈጠርኩት አይደለም፤ አብዮትም አልጠየቅሁም። በስንቱ ደብር ነው ያ ወጣት በእውነት የተቀመጠው? በተቀመጠበትስ፣ ለቃለ ጉባኤ መያዣና ለሻይ መቅጃ ነው ወይስ እጁን አውጥቶ ለመቃወም? ሥርዓት ይጠበቅ ብላችሁ ልጅቷን ከበር የመለሳችሁ ሰዎች፣ ይህስ ሥርዓት አይደለም?

ስለዚህ ለአስተዳዳሪዎች፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ እዚህም በስደትም ላላችሁ፣ የምለው አጭር ነው። ሕጉ የሰጠውን ወንበር ስጡት። የሒሳብ ሪፖርቱን ገለልተኛ ሰው መርምሮት በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ ልጁ ይስማ። በወር አንድ ምሽት ሊቃውንቱ ይቀመጡና ወጣቱ የፈለገውን ይጠይቅ፤ ማንም አይቆጣ፤ ማንም ስም አይለጥፍ። የንስሐ አባት የልጆቹን ስም ይወቅ፤ ፖስታ በሌለበት ቀንም ስልክ ይደውል። በውጭ አገር ስብከቱ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ይሁን። በር ላይ የሚቆመው ሰው ነጠላ ይዞ ይቁም፤ ምላስ ይዞ አይቁም። ከዚህ ውስጥ ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ የትኛው ነው? አንድም የለም። የሚጠይቀው ሥልጣን ማካፈልን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ከሕንፃ ይልቅ የከበደን።

ሕንፃውማ ያልቃል። እብነ በረዱ ይነጠፋል፤ ጉልላቱ ያበራል፤ ምረቃው በቴሌቪዥን ይተላለፋል። በውስጡ የሚቆም ሰው ከሌለ ግን ለቱሪስት የሚከፈት ቤት ይሆናል። አውሮፓ ያላችሁ ምን እያልኩ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በየመንገዱ ታልፉበታላችሁ፤ ምግብ ቤትና መጻሕፍት መሸጫ የሆነውን አይታችኋል። እኛን ይህ አይነካንም የምትሉት በየትኛው ዋስትና ነው?

እናንተም፣ ይህን እያነበባችሁ ራሳችሁን የምትነቀንቁ፣ አስቡበት። ይህን ሁሉ ከእኔ በፊት ታውቁት ነበር። ለባለቤታችሁ ማታ ማታ ታወሩታላችሁ። ስብሰባ ላይ ግን ጉሮሯችሁን ጠርጋችሁ ዝም ትላላችሁ፤ ከሰው ያጣላኛል፣ ማን ምን ይለኛል እያላችሁ። ሒሳቡን የጠየቀው ልጅ ብቻውን ቆሞ ሲሳቅበት አዳራሹ ውስጥ ነበራችሁ። እሱን ያባረረው የአንድ ሰው አፍ ብቻ አይደለም፤ የሁላችን ዝምታ ነው።

በሚቀጥለው የደብራችሁ ስብሰባ እጃችሁን አውጡ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «የወጣቶቹ ተወካይ የትኛው ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው?» በሉ። ወንበሩን ካሳዩዋችሁ ተመስገን በሉ። ካላሳዩዋችሁ እስኪያሳዩዋችሁ ድረስ አትቀመጡ። ይህንንም ማድረግ ካቃታችሁ ግን «ወጣቱ ጠፋ» የምትለዋን ቃል ከአፋችሁ አጥፏት። አልጠፋም፤ አስወጥታችሁታል።